ዝም ማለት ያልቻሉት ዳኛ

ዬልፊ ከብስኩት ቆርቆሮው ውስጥ ያወጣችውን ብጣሽ ወረቀት ገልጣ አየችና ቶሎ አጠፈችው። ዓይኔ ይሆናል ብላ እንደገና ገለጠችው። ያው ነው። በመምህርቷ ክብ ክብ የእጅ ጽሑፍ «ተቃዋሚ» ይላል።

«ቡ ጉስነሊ፣ ልቀይር?»

«ዕጣ ነው እንጂ ሸሚዝ ነው እንዴ የሚቀየረው?» አሉ፣ ተማሪው ሁሉ «ቡ» የሚላቸው መምህርት፣ ቆርቆሮውን እየዘጉ። «ክርክር ማለት እኮ ለማታምኚበትም መቆም መቻል ነው። ለምታምኚበትማ ማንም ይለፈልፋል።»

ሰሌዳው ላይ የተጻፈው ርዕስ «ሴት ልጅም እንደ ወንዱ ከአገሯ ወጥታ ልትማር ይገባል» የሚል ነበር። ዬልፊ በዚህ ዓለም ላይ ከልቧ የምታምንበት አንድ ነገር ቢኖር ይኸው ነው። ደብተሯ መሀል የታጠፈ ቅጽ አለ። ባንዱንግ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ስለ እሳተ ገሞራ ሊያስተምራት ተቀብሏታል። የቀረው የቤተሰብ ፊርማ ብቻ ነው፤ ቅጹ ደግሞ እስከ ሰኞ መመለስ አለበት። ቀኑ ሐሙስ ነው። ክርክሩ ቅዳሜ ነው፤ ወላጆች በተሰበሰቡበት፣ በአዳራሹ።

አባቷ ቢጠየቅ ዛሬውኑ ይፈርማል። ግን በእነሱ መንደር እንዲህ ያለውን ነገር አባት አይወስንም፤ የእናት ወንድም ነው የሚወስነው። አባቷ ቅጹን ባሳየችው ጊዜ እሳት እንደነካው ሰው እጁን ሰብስቦ «ኧረ እኔን አታስገቢኝ! አጎትሽን ጠይቂ» አለና ወደ ዳክዬዎቹ ሄደ።

አጎቷ ደግሞ ዳቱክ ናቸው። የጎሳው አለቃ ከሆኑ ወዲህ የተወለዱበትን ስም ሰው ረስቶታል፤ ሁሉም ዳቱክ ነው የሚላቸው፣ ዬልፊ ብቻ የእናቷ ወንድም ናቸውና «ማክ» ትላቸዋለች። ዳቱክ የንግግር ሰው ናቸው። በሠርግ ላይ የሙሽራዋና የሙሽራው ወገን ተራ በተራ እየተቀባበሉ፣ በተረትና በስንኝ መነጋገር አለባቸው፤ ያ ሳያልቅ ከቀረበው ምግብ ማንም አይነካም። ዳቱክ በተገኙበት ሠርግ ላይ ትኩስ ምግብ የበላ ሰው እስካሁን አልተገኘም። ሌላው ወገን አንድ ቃል ከተናገረ ሳይመልሱ መቀመጥ አይሆንላቸውም። «የተወረወረ ቃል መሬት ወድቆ አይቀርም» ይላሉ። ለሬዲዮ ሳይቀር ይመልሳሉ። ሬዲዮው ነገ ዝናብ ይኖራል ሲል «የት ላይ ነው የሚኖረው? ወጥተህ ሰማዩን አይተሃል?» ይሉታል። አንድ ቀን ጠዋት አውራ ዶሮው ሦስት ጊዜ ጮኾ ሦስት ጊዜ እንደመለሱለት እናቷ እየማለች ትናገራለች።

ሌላም ነገር አላቸው። በአደባባይ የተናገሩትን አይውጡም። ወንዝ ዳር የነበረውን ምርጥ መሬታቸውን በአንድ ስብሰባ ላይ ንግግር ሲያሳምሩ ለመስጊዱ ሰጡ፤ በማግስቱ ሚስታቸው ስታለቅስ «የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» ብለው አረፉ። ሚስታቸው ግን እስካሁን አላረፈችም።

ባለፈው እሑድ ዬልፊ ቅጹን ይዛ ፊታቸው ስትቀመጥ እንቁላል የተመታበት ሻያቸውን እየጠጡ ነበር።

«ምን ልትማሪ ነው?»

«ስለ እሳተ ገሞራ፣ ማክ።»

ዳቱክ በአገጫቸው ወደ ወጥ ቤቱ መስኮት ጠቆሙ። ማራፒ ተራራ እንደ ልማዱ ያጨሳል፤ ገመድ ላይ የተሰጣው ልብስ አመድ ለብሷል።

«ያውልሽ! ከወጥ ቤት ይታያል። በነጻ! ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተንገላተሽ፣ ባሕር ተሻግረሽ፣ ስለ ጎረቤትሽ ልትጠይቂ ነው?»

«ማክ፣ እሱን ለማጥናት እኮ...»

«ቤቱ የማን ነው? የእናትሽ። ነገስ? ያንቺ። ማሳውስ? ያንቺ። ወንድ ምን አለው? ይሄዳል። ሴት ቤቷን ትጠብቃለች። ሴት ልጅ የሌለችበት ቤት ዘይት ያለቀበት ፋኖስ ነው። አበቃ!»

አበቃ ያሉት ለእሷ ነው እንጂ ለራሳቸው አልነበረም። ከዚያ በኋላ አርባ ደቂቃ ያህል ተናግረዋል።

አሁን ክፍል ውስጥ ተቀምጣ ይህን ስታስብ መምህርቷ የዳኞቹን ስም አነበቡ። አንደኛው ርዕሰ መምህሩ ናቸው። ሁለተኛዋ የጤና ጣቢያዋ አዋላጅ ናት። ሦስተኛው...

«ዳቱክ» አሉ ቡ ጉስነሊ፣ ወረቀቱን እንጂ ማንንም ሳያዩ።

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «ቡ፣ ምሳችንን ቋጥረን እንምጣ?» አለ ከኋላ አንዱ።

«ደንብ ቁጥር አራት፣ ዳኛ አይናገርም» አሉ መምህርቷ። «ለዳቱክም አንብቤላቸዋለሁ። መልካም ደንብ ነው ብለዋል።»

መልካም ደንብ ነው ለማለት ሩብ ሰዓት እንደፈጀባቸው ግን አልተናገሩም።

ዬልፊን የሚብሳት ደግሞ የደጋፊነቱ ዕጣ የደረሰው ለሮቪ መሆኑ ነው። ሮቪ ጥሩ ልጅ ነው። ያሳደገው አያቱ የድሮ ንግግር አዋቂ ስለነበር ሰው ፊት ሲቆም ሳይሳለም፣ ይቅርታ ሳይጠይቅ፣ ራሱን ዝቅ ሳያደርግ ወደ ነገሩ አይገባም። በልምምዱ ቀን የተሰጠውን ሦስት ደቂቃ እንዳለ በሰላምታ ጨርሶታል።

«ሮቪ፣ ክርክሩስ የታለ?» ሲሉት መምህርቷ፣ «እሱ ጋ ልደርስ ነበር እኮ፣ ቡ» ብሎ ነበር።

በእረፍት ሰዓት ዬልፊ የካሳቫ ጥብስ በበርበሬ ገዝታ ይዛለት ሄደች። ሌላውን ክፍለ ጊዜ እንዳለ ተቀምጣ የጻፈችለትን አራት ገጽ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

«ይኸው። ሴት ለምን መውጣት እንዳለባት ሰባት ምክንያት አለው። በቃልህ ያዘው።»

ሮቪ አነበበው። «ዬልፊ፣ ይሄ እኮ ግሩም ነው! አንቺስ ምን ልትዪ ነው?»

«የኔን ተወው። አንተ ብቻ ሰላምታውን አሳጥረው። በአላህ እለምንሃለሁ።»

«ማንን ልተው?»

«ርዕሰ መምህሩን ተዋቸው።»

«ሊያባርሩኝ?»

«እሺ፣ አዋላጇን።»

«እኔን ያዋለደችኝ እሷ ናት እኮ! ገና ወደዚህ ዓለም ስመጣ የተቀበለችኝን ሰው ሳልሳለም ልለፍ? አንቺ ደግሞ!»

ዬልፊ ጥብሱን መልሳ ቀማችው።

ሆን ብዬ ልሸነፍ የሚል ሐሳብ ያልመጣባት እንዳይመስላችሁ። ሐሙስ ከሰዓት መጣ፣ ዓርብም ቀኑን ሙሉ አብሯት ዋለ። ችግሩ ከሮቪ ጋር ተከራክሮ መሸነፍ ራሱን የቻለ ጥበብ የሚጠይቅ መሆኑ ነው። ዝም ብትል እንኳ ታሸንፈዋለች። ዳቱክም የገዛ ቃላቸው በገዛ እህታቸው ልጅ አፍ ሲያሸንፍ ሰምተው ወደ ቤት ይመለሳሉ። ከዚያ በኋላ ፈርሙልኝ ብሎ ነገር የለም።

ቅዳሜ አዳራሹ ጢም አለ። እናቷ አምስተኛው ረድፍ ላይ በአዲስ ሻሽ ተቀምጣለች። ዳቱክ ጥቁር የማዕረግ ልብሳቸውን ግጥም አድርገው ለብሰው፣ ከዳኞቹ ወንበር መሀለኛው ላይ ተሰይመዋል። ፊታቸው እንቁላል የተመታበት ሻይ አለ።

«ዳቱክ፣ ይሄ ለድምፅ ነው የሚጠጣው» አለች አዋላጇ በጎን እያየቻቸው። «ዛሬ አይናገሩም አይደል?»

«ለጥንቃቄ ነው» አሉ።

ሮቪ ተነሣ። እጆቹን አጣምሮ ጎንበስ አለ። ርዕሰ መምህሩን ተሳለመ። አዋላጇን ተሳለመ፣ የተወለደበትንም ዝናባማ ማክሰኞ አነሣ። ዳቱክን በሙሉ ማዕረጋቸው ተሳለመ። መምህራኑን፣ እናቶችን፣ አባቶችን፣ በሕመም ያልመጡትን፣ መጥተው ቦታ አጥተው በመስኮት የሚያዩትን ተሳለመ። ዬልፊ በልቧ ትቆጥራለች፤ ሁለት ደቂቃ ሄዷል። ሮቪ ትንሽነቱን ገለጠ፤ ንግግሩ ቢሰበር ትጠግኑት ዘንድ፣ ቢያጥር ትቀጥሉት ዘንድ ለመነ።

«እንግዲህ ይቅርታችሁን ካገኘሁ ወደ ነገሬ ልግባ። ሴት ልጅ...»

ቅጭል! ቡ ጉስነሊ ሰዓት የሚጠብቁት በብስክሌት ደወል ነው።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «ምን ያለ የታነጸ ልጅ ነው!» አሉ ሽማግሌዎቹ። ዳቱክ ዓይናቸውን በመሐረብ ጠረጉ። የዬልፊ ሰባት ምክንያት ከእነ አራት ገጹ ሮቪ ኪስ ውስጥ ቀረ።

ተራዋ ደረሰ። ዬልፊ ቆመች። ምንም የተዘጋጀችው ነገር የለም፤ አፏን ስትከፍት የመጣላት የእሑዱ ንግግር ነው።

«ሴት ልጅ የሌለችበት ቤት ዘይት ያለቀበት ፋኖስ ነው» አለች። «ቤቱ የማን ነው? የእናታችን። ነገስ? የእኛ። ማሳውስ? የእኛ። እኛ ከሄድን ማን ይጠብቀዋል?»

ዳቱክ ራሳቸውን ነቀነቁ። ፊታቸው እንደ ሙሽራ አባት በራ። አዋላጇን በክርናቸው ነካ አድርገው ወደ ዬልፊ ጠቆሙ፤ የእኔ ናት ማለታቸው ነው።

ዬልፊ ይህን ስታይ ልቧ ወደቀ። እያሸነፈች ነው። በእያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ባንዱንግ አንድ ቀን መንገድ ይርቃል። ዳቱክን አየቻቸው፤ እንዲህ አፋቸው ተከድኖ አይታቸው አታውቅም። ለሬዲዮ የሚመልሱ ሰው፣ ለዶሮ የሚመልሱ ሰው፣ ምን ዝም አሰኛቸው? ደንብ ቁጥር አራት ነው? የለም። ዝም ያሉት የሚመለስ ነገር ስላልሰሙ ነው። ሁሉም የራሳቸው ቃል ነው፤ ሰው ለራሱ ምን ይመልሳል?

እንግዲያው ሌላ ነገር መወርወር አለባት። እሳቸውን ራሳቸውን የሚነካ ነገር። የእናት ወንድምን በሕዝብ ፊት በነገር መንካት በመንደሩ ተሰምቶ አይታወቅም። እሳቸው ዝም ካሉ ደግሞ ሦስቱንም በአንድ ቀን ታገኛለች፤ አጎቷን አዋርዳ፣ ክርክሩን አሸንፋ፣ ባንዱንግን አጥታ ቤቷ ትገባለች። አንድ ደቂቃ ቀርቷታል።

«እንዲያውም» አለች፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ። «እንዲያውም ለምን ሴት ብቻ? ወንዱስ ለምን ይወጣል? የወጡት ምን ይዘው መጡ? እስቲ እንጠያየቅ! ጥቁር መነጽርና የጨጓራ በሽታ ነው ይዘው የመጡት። አንዳንዱ አሥራ ሁለት ዓመት ጃካርታ ከርሞ ያመጣው አንድ ታሪክ ብቻ ነው። እሱም ስለ ካልሲ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠውና አፉን ያዘ። በመንደሩ የካልሲውን ታሪክ የማያውቅ የለም። ዳቱክ በወጣትነታቸው ጃካርታ ገበያ ላይ ካልሲ ሲሸጡ ጎርፍ መጥቶ አርባ ደርዘን ካልሲ በራሳቸው ተሸክመው፣ አንገታቸው ድረስ ውኃ ውስጥ ገብተው አሻግረዋል። በየሠርጉ ያወሩታል። አንዳንዴ ሠላሳ ደርዘን ነው፣ አንዳንዴ ስልሳ ነው።

«መውጣት ለሰው ምንም አይጨምርለትም» አለች ዬልፊ። «ሄዶ የመጣና እዚሁ የቀረ አንድ ነው። የሄደው ወሬው ብቻ ይረዝማል። ስለዚህ ማንም አይውጣ!»

እናቷ ሻሿን ፊቷ ላይ ሳበች። አዳራሹ ወደ መሀለኛው ወንበር ዞረ።

ዳቱክ ቀልተዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ግን ድምፅ የለም። ደንቡ የተጻፈበትን ወረቀት አነሡ፣ አስቀመጡ። ሻዩን አነሡ፣ በአንድ ትንፋሽ ጨለጡት። ከዚያ አንድ ጣታቸውን አወጡ።

«ቡ ጉስነሊ፣ ደንብ ቁጥር አራት ላይ አንዲት ጥያቄ አለችኝ።»

«ዳቱክ፣ ደንብ ቁጥር አራት ጥያቄ የለውም።»

«እንግዲያው ጥያቄ አይደለም፣ መልስ ነው!» አሉና ብድግ አሉ።

ዬልፊ ቀስ ብላ ተቀመጠች። ከዚህ ወዲያ የእሷ ጉልበት አያስፈልግም።

«ካልሲ አለች!» አሉ ዳቱክ። «ካልሲ! እኔ ከዚህ ስወጣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ነበር። እናቴ ሩዝ በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ ሰጠችኝ። እስከ ሶሎክ ከተማ ድረስ አለቀስኩ፤ ሾፌሩ ይመስክር፣ እሱም ሞቷል። ጃካርታ ስደርስ የማን የእህት ልጅ እንደሆንኩ የሚያውቅ አንድ ሰው አልነበረም። እዚህ የእገሌ ዘመድ ነበርኩ፤ እዚያ ማንም አልነበርኩም። እንግዲህ ማን ነኝ? አልኩ። ያን የጠየቅሁ ቀን ነው ሰው የሆንኩት! ሄዶ የመጣና የቀረ አንድ ነው ትላለች! ያቺን ተራራ አያችኋት?»

በመስኮቱ ወደ ማራፒ ጠቆሙ። ሁሉም ዞሮ አየ፣ ከተወለደ ጀምሮ ያላየው ይመስል።

«አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ፀሐይ የምትጋርድ ጉብታ ነበረች። ያየኋት ስመለስ ነው! ከአውቶቡስ ወርጄ አየኋትና እዚያው መንገድ ላይ ተቀመጥኩ። ከአገሩ ያልወጣ ሰው አገሩን አያውቀውም፤ ከወጥ ቤት መስኮት የሚታየውንም አያይም!»

ቅጭል!

«ሰምቻለሁ፣ ቆይ» አሉ ለደወሉ። «ስለዚህ ሰው መውጣት አለበት! ግድ ነው!»

ቡ ጉስነሊ ደወሉን ቀስ ብለው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። የዬልፊን ቅጽ ሰኞ ወደ ፖስታ ቤት የሚወስዱት እሳቸው ናቸው፤ ፊታቸው ግን ምንም እንደማያውቅ ሕፃን ነው።

«ዳቱክ፣ ለመዝገቡ ያህል ነው። ይህ የሚሉት ለወንድ ብቻ ነው?»

«ሰው አልኩ እኮ!» አሉ ዳቱክ በንዴት። «ሴት ሰው አይደለችም? እናቴ ሰው አልነበረችም? ያቻት እህቴ፣ እሷስ ምንድን ናት? ሰው ሁሉ ይውጣ! ወጥቶ ይይ! ቤት እንደሆነ አይሸሽም፣ ምሰሶ አለው! ይህን ያልኩት እኔ ዳቱክ ነኝ፤ ጻፉት!»

«ተጽፏል» አለች አዋላጇ። «ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፣ ዳቱክ።»

መጀመሪያ ያጨበጨቡት እናቶች ናቸው። ቀጥሎ አዳራሹ በሙሉ ተነሣ። ዳቱክ ጭብጨባውን ራሳቸውን እየነቀነቁ እየተቀበሉ፣ እየሳቁ ዞሩ፤ ዓይናቸው ዬልፊ ላይ አረፈ። ደብተሯን ደረቷ ላይ ታቅፋ ነበር፤ የቅጹ ጫፍ ብቅ ብሏል። ሳቃቸው ቀስ እያለ ቆመ። ቁጭ አሉ።

«ይቺን ልጅ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እንዲህ ያለ ንግግር ማን ነው ያስተማራት?»

«አንተ ነህ፣ ወንድሜ» አለች እናቷ ከአምስተኛው ረድፍ።

ፍርዱን የተናገሩት ራሳቸው ናቸው። ዳኛ ፍርድ ሲሰጥ መናገር ይፈቀድለታል። የተቃዋሚዋ ነገር መልስ ተሰጥቶበት ወድቋል አሉ፤ መልሱን የሰጠው ማን እንደሆነ ግን ሳይጠቅሱ አለፉት። ስለዚህ ያሸነፈው ሮቪ ነው። ሮቪ ከክርክሩ ሁለት ቃል ብቻ ተናግሮ አዲስ ፔርሙስ ተሸለመ። ምስጋናውን ለማቅረብ እጆቹን አጣምሮ ጎንበስ ሲል ግን ሕዝቡ ደጅ ወደተሰናዳው ምግብ ሮጠ። በዚያ ወረዳ ዳቱክ ባሉበት ትኩስ ምግብ የተበላው ያን ቀን ነው።

በማግስቱ ጠዋት ዬልፊ ቅጹንና ብዕር ይዛ በረንዳው ላይ ፊታቸው ተቀመጠች። የስድቡ ነገር ሌሊቱን ሲያሳፍራት አድሯል። ይቅርታ ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ዳቱክ እጃቸውን ዘረጉና ቅጹን ወሰዱ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ እስከ ታች አነበቡት። ከእነ ሙሉ ማዕረጋቸው ፈረሙ፤ መሥመሩ አልበቃ ብሎ ኅዳጉ ላይ ጨረሱት። ከዚያ መለሱላት።

«ማክ፣ እመለሳለሁ እኮ» አለች።

ዳቱክ ሊመልሱ አፋቸውን ከፈቱ። ምንም አልወጣም። ፊታቸውን ወደ ተራራው መለሱ። እሷም አጠገባቸው ቀረች።

ሬዲዮው ነገ ዝናብ ይኖራል አለ። የመለሰለት የለም። እናቷ ሽንኩርት የምትልጥበትን ቢላ እንደያዘች ከወጥ ቤት ብቅ አለች።

«ምነው ጸጥ አለ? ደህና አይደለም እንዴ?»

ዬልፊ ዝም በይ ብላ በእጇ ጠቀሰቻት። ማራፒ ያጨሳል። አውራ ዶሮው አጥሩ ላይ ወጥቶ፣ ክንፉን አራግፎ ጮኸ፤ እንደ ልማዱም መልሱን ጠበቀ። ዳቱክ መሐረባቸውን አውጥተው ዓይናቸው ላይ ያዙ።

ዶሮው ሁለተኛ ጊዜ ጮኸ። ያን ጊዜ ዬልፊ አንገቷን ወደ አጥሩ ዘርግታ መለሰችለት።